በልክ ደብተሩ ላይ ያልሰፈረው ረድፍ

ልብስ ሰፊዋ አባቷን ስታናግር መንገደኛው ሁሉ ዞር ብሎ ያያል፤ የምትጣላው ነው የሚመስለው። ጠብ የለም። ሰውዬው አይሰማም፣ ያ ነው ነገሩ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ ፋብሪካው አንድ የግድግዳ ሰዓት ሰጥቶ ጆሮዎቹን አስቀርቶ አሰናበተው። ግራው ጭራሽ ጠፍቷል። ቀኙ ትንሽ ይሰማል፣ እሱም አፉን አስጠግቶ የሚጮህለት ሰው ካገኘ ነው። የማዳመጫ መሣሪያ ተገዝቶለት ነበር፤ አንድ ቀን አድርጎት ዋለና «ፋብሪካው ጭንቅላቴ ውስጥ ተመልሶ ተከፈተ» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። የራሱን ድምፅም ስለማይሰማ ሲያወራ ግቢው ይናወጣል። ጎረቤት «ነጎድጓድ» የሚል ስም ካወጣለት ቆይቷል፤ ስሙን እሱ ብቻ ነው ያልሰማው።

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ጆሮው ልጁ ናት። ባሏ የረጅም መንገድ ሹፌር ስለሆነ ቤቱ የሷ፣ የአባቷና የአራት ዓመት ሴት ልጇ ነው ማለት ይቻላል። ፋርማሲ፣ ስብሰባ፣ ቢሮ፣ የትም አብራው ትሄዳለች። ሰው ያወራል፣ አባቷ የሰውን አፍ ያያል፣ ከዚያ ወደሷ ዞሮ «ምን አለ?» ይላል። እሷም አንድ ሰዓት የተወራውን በአንድ አፍ ጠቅልላ ታቀርብለታለች። ሲያሙት ከሰማች ደግሞ «ደህና ነህ ወይ ነው የሚልህ» ትለዋለች። ከጨርቅ ትርፉን መቁረጥ የለመደች ናትና ከወሬም ትቆርጣለች። አባቷ ይህን አያጣውም፤ ግን ክፉ እንደማታስብለት ስለሚያምን ጠይቋት አያውቅም።

የዚህ ታሪክ መነሻ አንዲት የመነጽር ብሎን ናት። አባቷ የማንበቢያ መነጽሩ ብሎን ላልቶበት ገበያው ጥግ ካለችው መነጽር ቤት ሄደ። ባለሱቋ ከሱ ጥቂት ዓመት የምታንስ፣ ባሏ የሞተባት፣ ሳቅ የማይቸግራት ሴት ናት። ብሎኗን አጠበቀችለት። በሳምንቱ ማክሰኞ ደግሞ ላላች። በሚቀጥለው ማክሰኞም እንደዚሁ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ የማሽን ጥርስና ብሎን ሲያጠብቅ የኖረ ሰው አንዲት የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ብሎን አቃተችው ቢሉ ማን ያምናል? ልጁም አላመነችም። አንድ ቀን አባቷ ፋብሪካ ሳለ ይለብሰው የነበረውን ደህና ሱሪ ይዞ ልብስ መስፊያ ቤቷ መጣና «እግሩን አጥብቢልኝ፣ ዘንድሮ ሰው እንዲህ አይለብስም» አላት። ስድሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ስለ ሱሪ እግር ቃል ተንፍሶ አያውቅም። ልጁ ልኩን ወሰደች፣ አጠበበች፣ ተኮሰች፣ ሰጠችው። የእናቷ ፎቶግራፍ ከመስፊያ ማሽኑ በላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ቀና ብላ ማየት አልፈለገችም።

ከዚያ ሽንቱ ያስቸግረው ጀመር። ምርመራ ተባለ፣ ደም ተባለ፣ ናሙና ተወሰደ፤ በመጨረሻ የፕሮስቴት ካንሰር ነው ተባለ። ደግነቱ ወደ ሌላ ቦታ አልተዛመተም። ሐኪሙ ልጅ እግር፣ ነገር የማያወሳስብ ሰው ነው፤ ክፍሉ ግን በሩ አይገጥምም። ከበሩ ውጭ ኮሪደሩ ላይ ወረፋ የሚጠብቀው ሕዝብ በሁለት አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድሯል። በመጀመሪያው ቀን ሐኪሙ ሽንት በቀን ስንት ጊዜ እንደሚመጣ አስጠየቃት፤ እሷም እንደ ልማዷ አባቷ ጆሮ ላይ «ሽንትህ በቀን ስንት ጊዜ ይመጣል!» ብላ ጮኸች። አባቷ ገና አፉን ሳይከፍት ከኮሪደሩ አንድ ሽማግሌ «እኔን አሥር ጊዜ!» ብለው መለሱ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ስለዚህ ከጨረር ሕክምናዎቹ አንዱን ለመምረጥ በተቀጠሩበት ቀን የልክ ደብተሯን ይዛ ሄደች። ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት የምትጽፍበትን ገጽ ገልብጣ በማስመሪያ ሦስት ዓምድ አሰመረች። ሐኪሙ እየነገራት እሷ ትጽፋለች፣ አባቷ መነጽሩን አድርጎ በትከሻዋ በኩል ያነባል።

ሐኪሙ እንዳለው በአባቷ የሕመም ደረጃ ሦስቱም የጨረር ዓይነቶች በማዳን እኩል ናቸው፤ የሚለያዩት በአሰጣጣቸውና በሚያስከትሉት ነገር ነው። አንደኛው ከውጭ በማሽን የሚሰጠው ረጅሙ ነው፤ በሳምንት አምስት ቀን ለአራት ሳምንት። ሁለተኛው እሱው ራሱ ሆኖ መጠኑ በርታ ብሎ በአምስት ጊዜ የሚያልቅ ነው። ሦስተኛው የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ጨረር ያላቸው ነገሮች በማደንዘዣ፣ በመርፌ፣ እዚያው ዕጢው ውስጥ የሚቀመጡበት ነው፤ አንድ ቀን ተሠርቶ ያበቃል፣ ፍሬዎቹ ግን እዚያው ይቀራሉ፣ ጨረራቸው በወራት ውስጥ እየደከመ ይሄዳል። ከዚያ ረድፎቹን አስጻፋት። ሽንት፦ በሦስቱም ያጣድፋል፣ ያቃጥላል፤ በፍሬው የመጀመሪያዎቹ ወራት ይበረታል፣ አልፎ አልፎም ይዘጋል። ሆድ፦ ከውጭ በሚሰጡት ሁለቱ ቶሎ ቶሎ ያስኬዳል፣ ጥቂት ደም ሊታይ ይችላል፤ በፍሬው ያንሳል። ድካም፦ በረጅሙ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ። ልጅ ማቀፍ፦ ከውጭ በሚሰጡት ምንም ችግር የለውም፤ በፍሬው ለሁለት ወር ትንሽ ልጅ ጭን ላይ አይቀመጥም። ከቀናቱ ቁጥር ጋር አምስት ረድፍ ሆነ።

«ሌላ አንድ ነገር አለ» አለ ሐኪሙ፣ ብዕሩን አስቀምጦ። «ስንፈተ ወሲብ። ሦስቱም ያመጡታል። ወዲያው አይደለም፤ ቀስ እያለ፣ በዓመት በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል። በፍሬው ትንሽ ይቀንሳል የሚሉ አሉ፤ እኔ አፌን ሞልቼ አልናገርም። ዋናው ነገር፣ ለሚያሳስበው ሰው መድኃኒቱን ቀደም አድርገን እንጀምርለታለን። ከቆየ በኋላ ከሆነ ይከብዳል። እና እህቴ፣ ይጠይቁልኝ። ይሄ ነገር ያሳስብዎታል ወይ ይበሏቸው።»

ፊቷ በአንድ ጊዜ ጋለ። በሩ እንደ ወትሮው ገርበብ ብሏል። ኮሪደሩ ላይ የልጆቿን የደንብ ልብስ እሷ ዘንድ የምታሰፋ ደንበኛዋ ተቀምጣለች፤ ስትገባ ሰላም ተባብለዋል። አባቷን፣ የወለዳትን ሰውዬ፣ ይህን በጆሮው ጮኻ ልትጠይቀው? ከዚያ ደግሞ፣ ባልጠራችው ሰዓት፣ ያ የጠበበ ሱሪ ታያት። የመነጽር ቤቷ ሴትዮ ሳቅ ተሰማት። ይህ ሁሉ የሆነው ሐኪሙ ዓይኑን ጨፍኖ እስኪገልጥ ባለው ጊዜ ነው። ደብተሩን ወደ ደረቷ አስጠጋችና ከሠንጠረዡ በታች ጻፈች፤ «መርፌ ያስፈራሃል ወይ?»

አባቷ አነበበና ሳቀ። እጁን አወናጨፈ። «ኧረ ምንም አያሳስበኝም! በዚህ ዕድሜዬ! እንዲያው እንደዚህ ያለ ነገር ሰው ይጠይቃል?» አለ በዚያ ድምፁ።

ሐኪሙ ጥያቄውን በጽሑፍ ያደረገችው ለጨዋነት መስሎት ራሱን ነቀነቀና በመዝገቡ ላይ አንዲት መስመር ጻፈ። ምን ብሎ እንደጻፈ አላየችም። ማየትም አያስፈልጋትም ነበር።

አባቷ ሠንጠረዡን በጣቱ እየተከተለ መረጠ። አጭሩን «በጥድፊያ የተጠገነ ማሽን ተመልሶ ይመጣል» ብሎ ጣለው። ፍሬው ላይ ሲደርስ ጣቱ «ልጅ ማቀፍ» የሚለው ረድፍ ላይ ቆመ። የልጅ ልጁ ከሰዓት በኋላ ከመዋዕለ ሕፃናት ስትመጣ መጀመሪያ የምትቀመጠው ጭኑ ላይ ነው። «ይሄ ይቅር» አለ። ረጅሙ ሆነ።

እንግዲህ ሃያ ቀን ሙሉ ተመላለሱ። ጨረሩ የሚሰጠው ፊኛ ሞልቶ ነው፤ ከመግባቱ በፊት ውሃ ጠጥቶ መያዝ አለበት። ሽንት የሚያጣድፈውን ሰው ሽንትህን ያዝ ማለት ምን ዓይነት ቀልድ ነው እያለ ነርሶቹን ያስቃቸዋል። ማሽኑን ወዶታል። ተኝቶ በላዩ የሚዞረውን የማሽኑን ክንድ እያየ ዘንጉ የት እንደሚጋጠም ይመረምራል፤ «ድምፅ የለውም እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል፣ አለው ይሉታል፣ አላምንም ይላል። በሦስተኛው ሳምንት ድካሙ መጣ። ሆዱም መጣደፍ ያዘ፤ ልጁ አልጋውን መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ወዳለው ክፍል አዛወረችለት። አንድ ቀን ደም አይቶ ደነገጠ፤ ከዚያ ደብተሩን አስመጣና ረድፉን አገኘው። አንድ ነገር በመጣ ቁጥር በእርሳስ ምልክት ያደርግበታል፣ ሲሄድ ደግሞ ምልክቱን ይሰርዛል። ከሕክምናው በኋላ በሁለት ወሩ ሁሉም ተሰረዘ።

«ደብተርሽ አይዋሽም!» አላት ደስ ብሎት። «እንዳልሽው መጣ፣ እንዳልሽው ሄደ!»

እሷ ክር መርፌ ውስጥ የምታስገባ መስላ አንገቷን ደፋች። ሆዷ ግን ያውቃል። ይሉኝታ ነው፣ ትል ነበር ለራሷ። የትኛዋ ሴት ልጅ ናት አባቷን እንደዚያ የምትጠይቅ? ቢሆንም ይሉኝታ ብቻ ከነበረ በማግስቱ ቤት ውስጥ በጽሑፍ መጠየቅ ትችል ነበር። በሳምንቱም ትችል ነበር። ሐኪሙ ዘንድ ብቻዋን ሄዳ «ያን ቀን ተሳስቻለሁ» ማለትም ትችል ነበር። ወረቀት በቤቱ ሞልቷል። ይህን ስታስብ ስፌቷን ታቆምና የት እንደደረሰች ትረሳለች።

አባቷ እየዳነ መጣ። የደም ምርመራው ቁጥር ወረደ፣ ሐኪሙ ተደሰተ። ማክሰኞ ማክሰኞም ብሎኗ መላላቷን ቀጠለች። አንድ ጊዜማ «ትንሽ ልቆይና አንድ ነገር አማክርሻለሁ» አላት፣ እንደ ጎረምሳ ዓይኑን እየሰበረ። ምን እንደሆነ ለመገመት ልብስ ሰፊ መሆን እንኳ አያስፈልግም። እሷም ለራሷ፣ ይኸው ምንም አልሆነም፣ ያልኩት ሁሉ ልክ ነበር፣ አለች።

ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲል አንድ ማክሰኞ አባቷ ቤት ዋለ። በሚቀጥለውም ዋለ። የመነጽሩ ክንድ ተገንጥሎ ሳለ ራሱ ሲጠግነው አየች፤ በብሎን ሳይሆን ከሷ መሳቢያ በወሰደው ጥቁር ክር ጠምጥሞ፣ በደረቁ ቋጥሮ። ከዚያ አንድ ከሰዓት ያን ሱሪ ይዞ መጣ።

«እግሩን መልሰሽ አስፊልኝ» አላት።

«ለምን? እንዲህ ያምርብህ የለ?» ብላ በጆሮው ጮኸች።

«ለማን ብዬ ነው?» አለና ሱሪውን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ሲወጣ ዓይኑ መደርደሪያው ላይ ያለው የልክ ደብተር ላይ አረፈ። የምታየው ስላልመሰለው አነሳውና ያን ገጽ ገለጠ። ጣቱ በረድፎቹ ላይ ወረደ፤ ቀን፣ ሽንት፣ ሆድ፣ ድካም፣ ልጅ ማቀፍ። ከዚያ ባዶው ቦታ ላይ ቆመ። ገጹን ገልብጦ ከጀርባው አየ። ከዚያም እንዳገኘው አድርጎ መልሶ አስቀመጠውና ሄደ።

ምን እንደፈለገ ገባት። እየደረሰበት ያለው ነገር ከጨረሩ ይሁን ከእርጅናው እየፈለገ ነበር። የሚያምነው ደብተር ደግሞ ስለዚህ ምንም አይልም። ስለዚህ ከራሱ ነው አለ፤ ስለዚህ ሴትዮዋን ተዋት። ልብስ ሰፊዋ መስፊያ ማሽኑ ላይ እንደተቀመጠች አለቀሰች፤ ደንበኛ ገብቶ «ልመለስ?» እስኪላት ድረስ።

አሥራ ሁለት ቀን በሆዷ ይዛው ከረመች። ለደንቆሮ ሰው ኃጢአት መናዘዝ እንዴት ያለ ጣጣ ነው! በሹክሹክታ አይሆን፣ ከጮኹ ጎረቤት አለ። እሑድ ከሰዓት አባቷ ግቢው ውስጥ ጥላ ስር ተቀምጦ ሳለ ደብተሩንና እርሳሱን ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች። ስድስተኛውን ረድፍ አሰመረች፤ ሐኪሙ ያለውን አንድም ሳትቆርጥ ጻፈችው። ከዚያ «መርፌ ያስፈራሃል ወይ?» የሚለውን በጣቷ አሳየችው፣ ከሱ በታች ደግሞ «ሐኪሙ የጠየቀህ ይህን አልነበረም። ይህንን ነበር» ብላ ትክክለኛውን ጥያቄ አሰፈረች። እንደዚያ የተንሻፈፈ ጽሑፍ ጽፋ አታውቅም።

አባቷ በክር የተጠመጠመውን መነጽር አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ድምፁ፣ ያ ግቢ የሚያናውጠው ድምፅ፣ ዝቅ ብሎ ወጣ።

«አፍረሽ ነው? ወይስ እሷን ጠልተሻት?»

ይሉኝታ ነው ልትለው አፏን ከፈተች። ሁለት ዓመት የተለማመደችው መልስ ነበር። ወደ ቀኝ ጆሮው ተጠጋችና «ሁለቱም» አለች። አልሰማትም። «ሁለቱም!» ብላ ጮኸች። በጎረቤት መስኮት መጋረጃ ተነቃነቀ።

አባቷ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን በመዳፉ ጠረገና «እኔ አርጅቼ መስሎኝ» አለ። «ሴትዮዋን ያለ ምክንያት ነው የተውኳት። ምን ብዬ ልንገራት? በሯ ላይ ስታየኝ ፊቴን አዙሬ ነው የማልፈው።» ደብተሩን እጇ ላይ መልሶ አስቀመጠው። «አንቺ ንገሪያት። አንድ ቃል ሳትቀንሺ።»

በማግስቱ መነጽር ቤቱ ሄደች። ባለመነጽሯ ገና ስታያት ቀና አለችና «አባትሽ ደህና ናቸው?» አለች።

«ደህና ነው፣ እትዬ» አለች ልብስ ሰፊዋ። ከዚያ ነገረቻት። ሐኪሙ ያለውን፣ እሷ የጻፈችውን፣ ለምን እንደጻፈችው። «እርስዎን በእናቴ ቦታ ማየት አልፈለግሁም ነበር» ያለችው የመጨረሻውን ነው፤ ከሁሉ የከበዳትም እሱ ነበር።

ሴትዮዋ እስኪያልቅ አላቋረጠቻትም። በእጇ የያዘችውን መነጽር በጨርቅ ስትወለውል ቆየች።

«አንቺ እሳቸው የሚፈልጉትን በራስሽ ወሰንሽ» አለች ቀስ ብላ። «እሳቸው ደግሞ እኔ የምፈልገውን በራሳቸው ወሰኑ። እሺ እኔንስ ማን ጠየቀኝ? ይኸው ስንት ሳምንት ምን አጠፋሁ እያልኩ ስቃጠል!» ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ወዲያው ደግሞ ተናደደች። «የሚቀጥለው የሐኪም ቀጠሮ መቼ ነው?»

«ሐሙስ።»

«ሐሙስ ሱቄን እዘጋለሁ። አንቺ አትገቢም።»

ልብስ ሰፊዋ ይገባኛል አለች። ምሕረት አልጠየቀችም፣ ሴትዮዋም አልሰጠቻትም።

ሐሙስ ዕለት አባቷ አዲስ ብሎን የገባለት መነጽር አድርጎ፣ ሳይሰፋ የቀረውን ጠባብ ሱሪ ለብሶ፣ በግራና በቀኝ ሁለት ሴቶች ይዞ ሆስፒታል ደረሰ። ስሙ ሲጠራ ልጁ እንደ ልማዷ ተነሳች፤ ከዚያ አስታወሰችና ተቀመጠች። አባቷና ባለመነጽሯ ገቡ። በሩም እንደ ልማዱ አልገጠመም። እናቷ ከሞተች ወዲህ፣ በሰባት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ አባቷ የሚወራን ነገር ከውጭ ሆና ልትጠብቅ ነው። እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋባት።

ከውስጥ የሐኪሙ ድምፅ ተሰማ፣ ቃሉ ግን አይለይም። ከዚያ የባለመነጽሯ ድምፅ። ሴትዮዋ የጩኸቱን ልክ ገና አልለመደችውም፤ በየትኛው ጆሮ እንደሚጮህም አላወቀች ይሆናል። ባላት ጉልበት ሁሉ ነው የጮኸችው።

«ሐኪሙ! የወንድና የሴት ነገር! ያሳስብሃል ወይ ይልሃል!»

አንዲት ነርስ ትሪ እንደያዘች ቆመች። አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ በሩን፣ ቀጥሎ ልብስ ሰፊዋን አየ። ሁለት ዓመት ሙሉ የፈራችው ዓይን ይኸው ነበር፤ አሁን ግን ማንም ምንም ቢያይ ግድ አልነበራትም። አንገቷን አስግጋ የምትጠብቀው መልሱን ነው።

«አዎ!» አለ አባቷ። ነጎድጓድ ነው፣ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። «አዎ! በጣም ነው የሚያሳስበኝ!»

አንድ ሽማግሌ ከወረፋው ላይ «እኔንም!» አሉ። ሕዝቡ ሳቀ፣ ነርሷም ትሪውን ይዛ ሳቀች። ልብስ ሰፊዋም ልትስቅ ጀመረች፤ ሳቁ ጋብ ሲል ግን ሐኪሙ ቀጥሎ ቀስ ብሎ የተናገረው፣ አሁን ቃሉ ተለይቶ፣ በበሩ ክፍተት ደረሳት።

«ይህን ያኔ ነግረውኝ ቢሆን» አለ፣ «ያኔ እንጀምር ነበር።»

ከውስጥ አባቷ «ምን አለ?» ሲል ተሰማ። ባለመነጽሯ ወዲያው አልመለሰችለትም።